ሃያና ስልሳ፦ በአኦርታ ቀለበት ላይ ቻነልና ፓምፕ የመለየት ሥራ፣ የሂደት ማስታወሻ

የሥራው ዓላማ

ከላብራቶሪ አይጥ የደረት አኦርታ የተቆረጡ ቀለበቶችን በኦርጋን ባዝ (ቁራጭ አካል በሞቀና ጋዝ በሚነፋበት ሶሉሽን ውስጥ በሕይወት የሚቆይበት ዕቃ) ሰቅሎ የትኛው የአዮን ቻነል (በሕዋስ ሽፋን ላይ ያለ የአዮን በር) ወይም ፓምፕ (ኃይል አውጥቶ አዮን የሚያሸጋግር) የደም ሥሩን ለስላሳ ጡንቻ እንደሚያኮማትር፣ የትኛው እንደሚያላላ መለየት። ከዚያ ወዲያ ተራው ለደም ግፊት በባህል የሚጠጡ ዕፅዋት ነው፤ ሽፈራውና መሰሎቹ። ዕፁ ባዙ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን መለኪያው ራሱ መታመን አለበት። «ቀለበቱ ላላ» የሚል ውጤት ብቻውን ምንም አያስረዳም። ሲላላ በዙሪያው የነበረው ፖታሲየም ስንት ሚሊሞላር ነበር? ይህ ካልተመዘገበ ስለ ቻነል መዘጋትም ሆነ መከፈት መናገር አይቻልም። «ሃያ» እና «ስልሳ» የምንላቸው ቀለበቱን ለማኮማተር የምንጠቀምባቸው ሁለቱ የፖታሲየም መጠኖች ናቸው፤ 20 ሚሊሞላር ጭማሪና ወደ 60 ሚሊሞላር።

ቁጥሮቹ ባጭሩ እነሆ። በሕዋሱ ውስጥ ወደ 140 ሚሊሞላር ፖታሲየም አለ፤ በምንጠቀምበት ሶሉሽን ውስጥ ደግሞ 5.9። በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ የፖታሲየም ሚዛን ቮልቴጅ (የሚገባውና የሚወጣው ፖታሲየም እኩል የሚሆንበት) በኔርንስት ቀመር ሲሰላ -85 ሚሊቮልት ይመጣል። ሕዋሱ ግን እዚያ ድረስ አይወርድም። ክሎራይድና ሶዲየም በትንሽ በትንሹ ስለሚያንጠባጥቡ ዕረፍት ላይ ያለ የደም ሥር ጡንቻ አብዛኛውን ጊዜ ከ-40 እስከ -60 ባለው ውስጥ ይገኛል። ካልሲየም ከውጭ 2.5 ሚሊሞላር፣ ከውስጥ ወደ 100 ናኖሞላር ነው፤ 25,000 እጥፍ ልዩነት። በር ጠባቂው ኤል የሚባለው የካልሲየም ቻነል (ካቭ 1.2) ሲሆን የሕዋሱ ሽፋን ቮልቴጅ ከ-40 ወደ ላይ ሲወጣ በብዛት ይከፈታል። የገባው ካልሲየም ከካልሞዱሊን ጋር ይጣበቅና የማዮሲን ቀላል ሰንሰለት ኪናዝን ያነቃል፤ ፎስፌት የተለጠፈበት ማዮሲን አክቲንን ይጎትታል። ለዚህ ሥራ ይህ ይበቃል።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30። ክሬብስ

ክሬብስ ቀለበቱ የሚቆይበት፣ የደምን ጨዎች የሚመስል ሶሉሽን ነው። ለ1 ሊትር፦

ሶዲየም ክሎራይድ 6.90 ግራም (118 ሚሊሞላር)
ፖታሲየም ክሎራይድ 0.35 ግራም (4.7)
ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ባለ 7 ውኃ፣ 0.296 ግራም (1.2)
ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 0.163 ግራም (1.2)
ሶዲየም ባይካርቦኔት 2.10 ግራም (25)
ግሉኮስ 1.98 ግራም (11)
ካልሲየም ክሎራይድ ከ1 ሞላር ስቶክ 2.5 ሚሊሊትር (2.5)

ካልሲየም ክሎራይድ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየጊዜው በዱቄቱ መመዘን አያዋጣም። አንድ ጊዜ 1 ሞላር ስቶክ ተሠርቶ ይቀመጣል፤ ባለ 2 ውኃው ከሆነ 14.7 ግራም በ100 ሚሊሊትር።

ቅደም ተከተሉ ከመጠኑ እኩል ወሳኝ ነው። ባይካርቦኔቱ ለብቻው በውኃ ይሟሟል። ሌሎቹ፣ ካልሲየም ሲቀር፣ በ800 ሚሊሊትር የተጣራ ውኃ ይሟሟሉ፤ ከዚያ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። 95 በመቶ ኦክስጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለ20 ደቂቃ ያህል ይነፋበታል። ፒኤቹ 7.4 አካባቢ ሲደርስ ብቻ ካልሲየሙ እየተማሰለ በጠብታ ይገባና ሶሉሽኑ 1 ሊትር ይሞላል። ካልሲየም ጋዝ ካልጠገበ ባይካርቦኔት ጋር ከተገናኘ ነጭ ደመና ይነሳል። ያ ካልሲየም ካርቦኔትና ካልሲየም ፎስፌት ነው። ሶሉሽኑ ሊጠራ ይችላል ብሎ መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ ቢጠራም ውስጡ ስንት ካልሲየም እንደቀረ አይታወቅም። መደፋት አለበት።

ግሉኮስ በዕለቱ ብቻ ይገባል። ግሉኮስ ያለበት ክሬብስ ካደረ ባክቴሪያ ያፈራል፤ በማግሥቱ ቀለበቶቹ ምክንያቱ በማይታወቅ ሁኔታ ይደክማሉ።

ስለ ጋዝ አንድ ነገር። የተቀላቀለው ሲሊንደር በማይገኝበት ቦታ የሆስፒታል ኦክስጅን ብቻውን ክሬብስ ላይ መንፋት ይሞከራል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተጠርጎ ስለሚወጣ ፒኤቹ ከ8 ያልፋል፤ ካልሲየሙም መዝቀጥ ይጀምራል። ንጹሕ ኦክስጅን ብቻ ካለ ባይካርቦኔቱን ትቶ በ10 ሚሊሞላር ሄፔስ (ፒኤች የሚያረጋ ኬሚካል፣ 2.38 ግራም በሊትር) የተደገፈ ሶሉሽን መሥራትና ፒኤቹን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 7.4 ላይ ማቆም ይሻላል። ፒኤቹ የሚለካው በ37 ዲግሪ ነው፤ ሄፔስ ሙቀት ሲቀየር ይንሸራተታልና።

ውኃው የተጣራ መሆን ያለበት በደንብ በታወቀ ምክንያት ነው። ሲድኒ ሪንገር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የእንቁራሪት ልብ በጨው ውኃ ሲያሠራ ልቡ የመታው ጨዉ በቧንቧ ውኃ በተበጠበጠ ጊዜ ነበር፤ በተጣራ ውኃ ሲሆን ልቡ ደከመ። ልዩነቱ በቧንቧው ውኃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነው። ሐሙስ ዕለት «ካልሲየም የሌለው» ብለን የምንጽፍበት ጠርሙስ በእርግጥ ካልሲየም የሌለው ይሆን ዘንድ ይህን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል።

ሰኞ፣ ከሰዓት። ስልሳው

ከፍተኛ ፖታሲየም የያዘው ሶሉሽን በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ከተከማቸ 4 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ባዙ ውስጥ መጨመር ነው፤ 150 ማይክሮሊትር በ10 ሚሊሊትር ባዝ 60 ሚሊሞላር ይጨምራል። ፈጣን ነው፤ ግን ኦስሞላሪቲውን (የሟሙ ቅንጣቶችን ብዛት) በ120 ሚሊኦስሞላር ገደማ ያሳድጋል፤ ሕዋሱም ውኃ አጥቶ ይሸበሸባል። ሁለተኛው ሶዲየሙን በፖታሲየም መተካት ነው፤ ሶዲየም ክሎራይድ ወደ 62.7 ሚሊሞላር (3.66 ግራም) ዝቅ ይላል፣ ፖታሲየም ክሎራይድ ወደ 60 (4.47 ግራም) ከፍ ይላል፣ ሌላው እንዳለ ይቀራል። ከፎስፌቱ የሚመጣው 1.2 ሲደመር ጠቅላላው ፖታሲየም 61.2 ይሆናል። ለስልሳው ሁልጊዜ ሁለተኛውን እንጠቀማለን። ለሃያው ጭማሪው ትንሽ ስለሆነ ከስቶክ 50 ማይክሮሊትር ይበቃል።

4 ሞላሩ ስቶክ ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም። በክፍል ሙቀት ከሙሌት ብዙም ስለማይርቅ ሲቀዘቅዝ ከታች ነጭ ክሪስታል ይጥላል። ከላይ በፒፔት የሚቀዳው ከዚያ በኋላ 4 ሞላር አይደለም።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00። ቀለበቱን መስቀል

እንስሳው በጸደቀው የእንስሳት አያያዝ መመሪያ መሠረት ከሞተ በኋላ አኦርታው ቶሎ ወጥቶ ጋዝ በተነፋበት ቀዝቃዛ ክሬብስ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጥድፊያ አያስፈልግም፤ ጥንቃቄ ነው። ሲሊኮን በተነጠፈበት ሳህን ላይ ሁለቱ ጫፎች በስፒል ይያዛሉ። በቀጭን ወረንጦና በትንሽ መቀስ ዙሪያው ያለው ስብና ቃጫ ይለቀማል። ወረንጦው የሚይዘው ስቡን ነው፤ የደም ሥሩን ግድግዳ ከያዘ የተቆነጠጠችው ቦታ ትሞታለች። 3 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ቀለበቶች ይቆረጣሉ። ቁርጡ ሰያፍ ከሆነ ውጥረቱ በአንድ ጎን ብቻ ያርፍና ግማሹ ጡንቻ ሥራ ይፈታል።

ከየአኦርታው ግማሾቹ ቀለበቶች ውስጠኛ ሽፋናቸው (ኢንዶቴልየም) ይፋቃል። ሻካራ ስንጥር ወደ ውስጥ ይገባና ቀለበቱ በእርጥብ ወረቀት ላይ ቀስ ተብሎ ጥቂት ጊዜ ይንከባለላል። የሚፋቀው ኢንዶቴልየም ጡንቻውን የሚያላላ ናይትሪክ ኦክሳይድ ስለሚያመነጭ ነው። ሮበርት ፈርችጎትና ጆን ዛዋድዝኪ በ1980 በጥንቸል አኦርታ ላይ እንዳሳዩት፣ አሴቲልኮሊን የሚያላላው ይህ ሽፋን ሲኖር ብቻ ነው። የጡንቻውን የራሱን ቻነል ለማየት የጎረቤቱን ድምፅ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ሁለት የማይዝግ ብረት ሽቦዎች በቀለበቱ ቀዳዳ ያልፋሉ፤ የታችኛው ከባዙ ወለል ጋር ይታሰራል፣ የላይኛው በማይለጠጥ ክር ወደ ትራንስዲውሰሩ (ጉተታውን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር መለኪያ) ይወጣል። ትራንስዲውሰሩ አስቀድሞ በ1 እና በ2 ግራም መመዘኛ ይስተካከላል። ክሩ የባዙን አፍ ወይም የጋዙን ቧንቧ መንካት የለበትም፤ ከነካ ግራፉ ላይ ደረጃ ደረጃ ያለው መስመር ይወጣል፤ ቀለበቱ ሲጎትት አንድ ቦታ ይያዝና በድንገት ይለቃል። አረፋው ሽቦውን በቀጥታ የሚመታ ከሆነ ደግሞ መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል፤ የጋዙን ፍጥነት መቀነስ ይበቃል።

የዕረፍት ውጥረት 2 ግራም። ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይቆያል፤ በየ15 ደቂቃው ሶሉሽኑ ይቀየራል፣ ውጥረቱም ወደ 2 ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፤ ግድግዳው እየተለጠጠ ነውና ችግር የለውም። ከአንድ ሰዓት በኋላም መውረዱን ካላቆመ ግን ቀለበቱ ተቀድዷል ወይም ክሩ እየላላ ነው።

ቴርሞሜትሩ ባዙ ውስጥ ይግባ። ውኃ የሚያዞረው ማሞቂያ 37 ቢያሳይም በቱቦው ርዝመት ምክንያት ባዙ 35 ሊሆን ይችላል፤ ፓምፖቹ ደግሞ ሙቀትን በጣም ይከታተላሉ። መብራት ከጠፋ የቀለበቶቹ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል፤ ማሞቂያው ተመልሶ ከሞቀ በኋላ ሌላ ሰዓት፣ ከዚያ አዲስ የስልሳ ሙከራ።

ረቡዕ። የመጀመሪያው ስልሳ

በ61 ሚሊሞላር የፖታሲየም ሚዛን ወደ -22 ሚሊቮልት ይወጣል፤ ሽፋኑም ተከትሎ ይወጣል። የካልሲየም ቻነሎቹ ይከፈታሉ። በስክሪኑ ላይ መስመሩ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ትንሽ ትከሻ ይሠራል፣ ከዚያ በዝግታ እየወጣ ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይደላደላል። ይታጠባል፣ ቤዝላይን (መነሻ መስመር) ላይ ሲደርስ ይደገማል። ሁለተኛውና ሦስተኛው እኩል መሆን አለባቸው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ያነሰ ነው፤ በመደበኛ ስሌት ውስጥ አይገባም።

ቀጥሎ ፌኒልኤፍሪን (የደም ሥር አኮማታሪ መድኃኒት) 1 ማይክሮሞላር፣ ሲደላደልም አሴቲልኮሊን 10 ማይክሮሞላር። ያልተፋቀው በብዛት ይላላል፤ የተፋቀው ከ10 በመቶ በታች ካልሆነ በቅጡ አልተፋቀም። ተፍቆም ስልሳው የደከመ ቀለበት ካለ ስንጥሩ ጡንቻውን ጎድቷል። የፌኒልኤፍሪን ስቶክ በአየር ስለሚበላሽ በትንሽ አስኮርቢክ አሲድ ይደገፋል፤ ቡናማ መልክ ከያዘ ይጣላል።

ሐሙስ። ካልሲየምን አውጥቶ መመለስ

ካልሲየም ክሎራይድ የሌለበት ክሬብስ ከ1 ሚሊሞላር ኢጂቲኤ (ካልሲየም የሚይዝ ኬሚካል) ጋር፣ 10 ደቂቃ። ስልሳው አሁን ምንም አያሳይም፤ በሩ ቢከፈትም የሚገባ የለም። ፌኒልኤፍሪን ግን አጭር ጉብታ ይሠራል። ይህ ከሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም (በሕዋሱ ውስጥ ካለው የካልሲየም ማከማቻ) በአይፒ3 ተቀባይ በኩል የወጣ የግምጃ ቤት ካልሲየም ነው። ታጥቦ፣ ካልሲየም ሳይሰጠው እንደገና ፌኒልኤፍሪን ቢጨመር ጉብታው በጣም ያንሳል፤ ግምጃ ቤቱ ባዶ ሆኗል።

የሚሞላው ፓምፕ ሰርካ ነው፤ በአንድ ኤቲፒ ሁለት ካልሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። ይህን ለማየት ሰርካን የሚዘጋው ሳይክሎፒያዞኒክ አሲድ 10 ማይክሮሞላር ተጨምሮ ቀለበቱ መደበኛ ካልሲየም ይሰጠዋል፣ ከዚያ እንደገና ካልሲየም ወደሌለበት ይመለሳል። ጉብታው አይመለስም። ታፕሲጋርጊንም ይሠራል፤ ግን አይታጠብም። ቀለበቱ ለሌላ ሙከራ የሚፈለግ ከሆነ ሳይክሎፒያዞኒክ አሲድ ይመረጣል።

ከዚያ የመመለሻው ኩርባ። ኢጂቲኤው በደንብ ይታጠባል፣ ካልሲየም የሌለው ስልሳ ይገባል፣ ካልሲየም በ0.1፣ 0.3፣ 1 እና 3 ሚሊሞላር ይመለሳል። የቀረ ኢጂቲኤ ካለ አንድ ለአንድ ስለሚይዝ የመጀመሪያዎቹን ጭማሪዎች ይበላና ኩርባው ወደ ቀኝ የተገፋ ይመስላል፤ መድኃኒት ሳይነካው ካልሲየም ቻነል የተዘጋ መስሎ ያሳስታል።

በካልሲየም ቻነል ዘጋቢው ኒፌዲፒን 0.1 ማይክሮሞላር ኩርባው በእርግጥ ይወርዳል። ኒፌዲፒን የቀን ብርሃን ጠላቱ ነው። ስቶኩ በዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ) ይሠራል፣ ጠርሙሱም ባዙም በፎይል ይሸፈናሉ፣ የላብራቶሪው መብራት ይደበዝዛል። ጠዋት ጥሩ የሠራ ስቶክ ከሰዓት ከደከመ የመስኮቱ መጋረጃ ክፍት ነበር ማለት ነው። በፌኒልኤፍሪን የተኮማተረ ቀለበት በኒፌዲፒን በከፊል ብቻ ይላላል። ጥፋት አይደለም፤ ፌኒልኤፍሪን ሌሎች የካልሲየም መግቢያዎችንና በሮ ኪናዝ በኩል ያለውን የካልሲየም ስሜት ማጎልበቻ ስለሚጠቀም ነው።

አርብ። ሃያና ስልሳ ጎን ለጎን

የሥራው እምብርት ይህ ነው። ሁለት ቀለበቶች ከአንድ አኦርታ፣ ሁለቱም የተፋቁ። አንዱ በሃያ (በጠቅላላ 25.9) ይኮማተራል፣ ሌላው በስልሳ (61.2)። ሲደላደሉ ፒናሲዲል ከ0.1 እስከ 30 ማይክሮሞላር ደረጃ በደረጃ ይጨመራል።

ፒናሲዲል የሚከፍተው በኤቲፒ የሚዘጋውን የፖታሲየም ቻነል ነው። ቻነሉ ሲከፈት ሽፋኑ ወደ ፖታሲየም ሚዛን ይጎተታል። ወዴት ግን? ውጩ 25.9 ከሆነ ሚዛኑ -45 ነው። ለጥቂት ሚሊቮልት መውረድ የካልሲየም ቻነሉ በእጅጉ ይመልሳል፤ ከ-35 ወደ -45 መሄድ ብዙ በር ይዘጋል። ቀለበቱ ይላላል። ውጩ 61.2 ከሆነ ግን የሕዋሱ የፖታሲየም ቻነል በሙሉ ቢከፈት እንኳ የሚደርሰው -22 ነው፤ እዚያ ደግሞ የካልሲየም ቻነል ክፍት ነው። ፒናሲዲል እየሠራ ነው፣ ቻነሉም ተከፍቷል፤ ቀለበቱ ግን እንደተኮማተረ ይቆያል። ውኃ ወዳልተቆፈረ ቦይ እንደማይሄድ ሁሉ የሚወርድበት ቁልቁለት የለም።

ኒፌዲፒን በሁለቱም ላይ ያላላል። በሩን ራሱን ስለሚዘጋ ቮልቴጁ የትም ቢሆን ግድ የለውም።

ስለዚህ የንባቡ ሕግ እንዲህ ነው፦ ሃያውን አላልቶ ስልሳውን ያልነካ ነገር ፖታሲየም ቻነል ይከፍታል ተብሎ ይጠረጠራል። ሁለቱንም በተቀራረበ መጠን ያላላ የካልሲየም መግቢያን ይዘጋል ወይም ከዚያ በታች ያለውን ይነካል። በፌኒልኤፍሪን ብቻ ሞክሮ «ካልሲየም ቻነል ዘጋቢ ነው» ብሎ መደምደም በዕፅዋት ጥናት ላይ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው፤ ከፌኒልኤፍሪን ብቻ ግን ይህ አይወጣም።

ጥርጣሬውን ለማጥበቅ፣ ሃያው ከመግባቱ 20 ደቂቃ በፊት፦ ግሊቤንክላሚድ (በኤቲፒ የሚዘጋውን የፖታሲየም ቻነል የሚዘጋ መድኃኒት) 10 ማይክሮሞላር። የፒናሲዲልን ማላላት መዝጋት አለበት። ከ10 ሚሊሞላር የዲኤምኤስኦ ስቶክ 10 ማይክሮሊትር ሲገባ ዲኤምኤስኦው 0.1 በመቶ ይሆናል፤ ያው መጠን ብቻውን የገባበት ጎረቤት ቀለበት ሁልጊዜ ይኑር፤ ዲኤምኤስኦ ሲበዛ ራሱ ያላላል። ግሊቤንክላሚድ ከፕላስቲክ ቱቦ ጋር ይጣበቃል። በክሬብስ መታጠብ አይለቀውም፤ በማግሥቱ «ፒናሲዲል አልሠራም» የሚባለው በአብዛኛው ከቱቦው የሚንጠባጠብ የትናንት ግሊቤንክላሚድ ነው። በቀኑ መጨረሻ ባዙና ቱቦው በኤታኖል፣ ከዚያ ደጋግሞ በተጣራ ውኃ ይታጠቡ።

ግሊቤንክላሚድ ያልዘጋው የሃያ ማላላት ካለ ሌሎቹ ቻነሎች ይጠየቃሉ። ቴትራኤቲልአሞኒየም 1 ሚሊሞላር በዋናነት ቢኬ የሚባለውን ትልቁን በካልሲየም የሚነቃ ቻነል ይዘጋል፤ ወደ 10 ሚሊሞላር ከወጣ ግን ያገኘውን ሁሉ ይዘጋል፣ ትርጉም ያጣል። አይቤሪዮቶክሲን 0.1 ማይክሮሞላር የተሻለ ምርጫ ነው፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ ለመጨረሻ ማረጋገጫ ይቀመጣል። ለኬቪ (በቮልቴጅ ለሚከፈቱ የፖታሲየም) ቻነሎች 4-አሚኖፒሪዲን 1 ሚሊሞላር፤ ስቶኩ ጠንካራ አልካላይ ስለሆነ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወደ 7.4 ይመለስ፣ የሚያንቀጠቅጥ መርዝ ስለሆነ ጓንት ግዴታ ነው።

ለኪር (ፖታሲየምን ወደ ውስጥ በቀላሉ ለሚያሳልፈው) ቻነል ባሪየም 30 ማይክሮሞላር ይባላል። በተራው ክሬብስ ላይ ግን ባሪየም 1.2 ሚሊሞላር ሰልፌት ይጠብቀዋል፤ ባሪየም ሰልፌት ደግሞ ውኃ ውስጥ ከማይሟሟ ጨዎች አንዱ ነው። ዱቄቱ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ባሪየሙ ግን የለም። ማግኒዥየም ሰልፌቱን በማግኒዥየም ክሎራይድ ባለ 6 ውኃ፣ 0.244 ግራም በሊትር መተካት ይበቃል።

ቢኬን በተመለከተ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር። ካልሲየም ያኮማትራል ብለን ጀምረናል፤ ሆኖም ከሪያኖዲን ተቀባይ ከሽፋኑ ሥር የሚፈነጥቅ ጥቃቅን የካልሲየም ብልጭታ ቢኬን ከፍቶ ያላላል። የማርክ ኔልሰን ቡድን በ1995 በአንጎል የደም ሥር ላይ ያሳየው ይህ ነው። ብልጭታው በቦታው በማይክሮሞላር ይለካል፣ ለጠቅላላው ሕዋስ ግን ጭማሪው ከቁጥር አይገባም። ለዚህም ነው ቴትራኤቲልአሞኒየም ምንም አኮማታሪ ሳይኖር ቤዝላይኑን አንዳንዴ ትንሽ የሚያነሳው። ቀለበቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ፍሬኑ ተነሥቶ ነው።

ቅዳሜ፣ ግማሽ ቀን። የሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ

ይህን ፓምፕ የንስ ስኮው በ1957 ከባሕር ሸርጣን ነርቭ ላይ ገልጾታል፤ በአንድ ኤቲፒ ሦስት ሶዲየም ያወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ፓምፑን ለማስቆም ፖታሲየሙን መከልከል ይበቃል። ፖታሲየም የሌለው ክሬብስ ሲሠራ ግን ፖታሲየም ክሎራይዱን መተው ብቻ አይበቃም። ፎስፌቱም የፖታሲየም ጨው ነው፤ 1.2 ሚሊሞላር እዚያ ተደብቋል፣ ለፓምፑም መንቀሳቀሻ ይሆናል። በሶዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ባለ 2 ውኃ፣ 0.187 ግራም በሊትር ይተካ።

ቀለበቱ በዚህ ሶሉሽን 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሲቆይ ውጥረቱ በዝግታ ከፍ ይላል። ፓምፑ ቆሞ ሶዲየም በውስጥ ይከማቻል፤ ሦስት ሶዲየም አስገብቶ አንድ ካልሲየም የሚያወጣው ለዋጭ ቁልቁለቱ ይቀንስበታል፣ አልፎም ወደ ኋላ ይዞራል። ሽፋኑም ይወጣል። ፌኒልኤፍሪን ተጨምሮ ሲደላደል ፖታሲየም ክሎራይድ 5 ሚሊሞላር፣ ከ4 ሞላሩ 12.5 ማይክሮሊትር፣ ይመለሳል። መስመሩ ወዲያው ቁልቁል ይወርዳል። የተከማቸው ሶዲየም ፓምፑን ሙሉ ኃይል ያሠራዋል፤ በየዙሩ አንድ ትርፍ ቻርጅ ስለሚያወጣ ሽፋኑ ወደ ታች ይሄዳል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሶዲየሙ ሲጠረግ ውጥረቱ ይመለሳል።

ይህ ማላላት የፓምፑ መሆኑን ፓምፑን የሚዘጋው ኡዋባይን ያረጋግጣል። የአይጥ ፓምፕ አልፋ-1 ክፍል ግን በውጭ በኩል ባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ልዩነት ምክንያት ኡዋባይንን ይቋቋማል። በጊኒ ፒግ በጥቂት ማይክሮሞላር የሚበቃው በአይጥ እስከ 1 ሚሊሞላር ይጠይቃል። በ10 ማይክሮሞላር ሞክሮ «ፓምፑ ድርሻ የለውም» የሚል ድምዳሜ በአይጥ ላይ ዋጋ የለውም። አርኖ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ኡዋባይንን በ1888 ለይቶ ያወጣው ከአኮካንቴራ ዛፍ ነው፤ የዚያው ወገን የሆነው መረንዝ በአገራችን ይበቅላል፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለፍላጻ መርዝ ሲያገለግል የኖረ ነው። ዱቄቱ ሲመዘን ጓንትና ጭምብል አይዘንጋ።

ሰኞ። ለኤክስትራክቱ ዝግጅት

ቅዳሜ የታየው ነገር እዚህ በቀጥታ ይመጣል። ቅጠል ፖታሲየም የሞላበት ነው፤ በውኃ የተዘጋጀ ኤክስትራክት ያንን ይዞ ይወጣል። ለምሳሌ ከክብደቱ 3 በመቶ ፖታሲየም ቢሆን፣ በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ሲገባ ባዙ ላይ 0.77 ሚሊሞላር ይጨምራል፤ 5 ሚሊግራም ሲገባ 3.8። 5.9 የነበረው ወደ 10 ተጠጋ ማለት ነው። በዚህ መጠን ፖታሲየም ፓምፑንና ኪር ቻነሎችን ስለሚያነቃ በተለይ በትናንሽ የደም ሥሮች ላይ ራሱ ያላላል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ደግሞ ያኮማትራል። «ዕፁ በትንሽ መጠን አላላ፣ በብዙ አኮማተረ» የሚለው ኩርባ የቅጠሉ ጨው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከማንኛውም ቀለበት በፊት የኤክስትራክቱ ፖታሲየም በፍሌም ፎቶሜትር ይለካል። ከዚያ ለእያንዳንዱ መጠን እኩል ፖታሲየም ክሎራይድ ብቻ የሚሰጠው ጎረቤት ቀለበት ይዘጋጃል። የሃያው ቀለበትም ስሌቱ ይስተካከላል፤ ሃያ ሲደመር 3.8 ሃያ አይደለምና ሚዛኑ ከ-45 ወደ -41 ይወጣል፣ የፖታሲየም ቻነል ከፋቹም እየደከመ ይመስላል።

ሌሎች ሁለት መፈተሻዎች። ኤክስትራክቱ ክሬብስ ውስጥ ሲበጠበጥ ፒኤቹ ይለካ፤ አብዛኞቹ አሲዳማ ናቸው። ሳፖኒን ያለበት ከሆነ ጋዙ ሲነፋ እንደ ሳሙና ይደፍቃል፤ አረፋው ክሩን ይጎትታል፣ ከባዙ አፍ ይፈስሳል፣ መጠኑም ይጓደላል። ጋዙ በቀጥታ ባዙ ውስጥ ከሚነፋ ይልቅ ከላይ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ያኔ የኦክስጅን አቅርቦቱ ስለሚቀንስ መቆጣጠሪያ ቀለበቱም በዚያው መንገድ ይሠራ።

ሳፖኒን ከአረፋው የከፋ ነገርም ያደርጋል። ሽፋኑን ይበሳል፤ የተበሳ ሕዋስ ደግሞ ምንም ቻነል ሳይነካ በሃያም በስልሳም ይላላል፣ ልክ እንደ ኒፌዲፒን። መለያው እጥበት ነው። ቀለበቱ በኤክስትራክቱ ከላላ በኋላ በየ10 ደቂቃው ሦስት ጊዜ ታጥቦ አዲስ ስልሳ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ ወደነበረው ከፍታ ካልተመለሰ ያ ቀለበት ከስሌት ይወጣል፣ የኤክስትራክቱ መጠንም በግማሽ ይቀነሳል። ኒፌዲፒን ራሱ ለመታጠብ ጊዜ ስለሚወስድ ንጽጽሩ በአንድ እጥበት ብቻ አይወሰን።

የነገው አሰላለፍ፦ ባዝ 1፣ ሃያ ከኤክስትራክት ጋር። ባዝ 2፣ ስልሳ ከኤክስትራክት ጋር። ባዝ 3፣ ሃያ ከእኩል ፖታሲየም ክሎራይድ ጋር። ባዝ 4፣ ሃያ፣ ግሊቤንክላሚድ፣ ከዚያ ኤክስትራክት፤ ይህ ባዝ ሁልጊዜ አራተኛው ብቻ ይሁን፣ ቱቦውም ከሌሎቹ ጋር አይቀያየር።